የአክብሮት ጆንያ

የካሉንዴ በቆሎ ነቀዘ። ነቀዙን ጎተራዋ ያስገባው አማቿ ነው። ይህን ካሉንዴ ታውቃለች፤ አማቿም ያውቃል፤ በሁለቱ መሀል የቆመችው ልጇ ንዲንዳም ታውቃለች። አፍ አውጥቶ ለመናገር የደፈረ ግን ከንዲንዳ በቀር አንድም አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ደመና እያሳየ ሲያታልላቸው የከረመው ሰማይ በሦስተኛው ዓመት ራራና ካሉንዴ አሥራ ሦስት ጆንያ በቆሎ በየካቲት አስገባች። አሥራ አራተኛው የንዲንዳ ባል የሙሊ ነበር። አማች በየመኸሩ ከማሳው ምርጡን ለቅሞ፣ የጆንያውን አፍ በገዛ እጁ ሰፍቶ ለሚስቱ እናት ይልካል። ያ ጆንያ በጎተራው መሀል እንደ ክብር እንግዳ ይቀመጣል፤ የቤቱ እህል ተሟጦ እስኪያልቅም አይፈታም። ቀድሞ የፈታው፣ ወይም ጣቱን በስፌቱ መሀል ሰዶ የዳበሰው ሰው አማቹን በአደባባይ እንደሰደበ ይቆጠራል።

የሙሊ ሥራ ደግሞ ምን መሰላችሁ? በኪብዌዚ ገበያ የነቀዝ መድኃኒት መሸጥ። የሱቁ ግድግዳ ላይ ድመት የሚያህል ነቀዝ በጀርባው ተንጋሎ፣ ስድስት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተስሏል። ከሩቅ መንደር የሚመጡ ገበሬዎች ሥዕሉን አይተው ነው ሱቁን የሚለዩት።

ንዲንዳ ወሬውን የሰማችው ሐሙስ ከሰዓት፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ ነው።

«ቤቴ እንግዶች ገብተዋል» አለቻት እናቷ በስልክ።

«እነማን?»

«ስማቸውን አልጠየቅኩም። ብዙ ናቸው።»

«ምን ይፈልጋሉ?»

«በቆሎ።»

ቅዳሜ ማለዳ ንዲንዳ ከእናቷ ግቢ ደረሰች። ጎተራው በአራት ምሰሶ ላይ የቆመ የእንጨት ቤት ነው። ወለሉ ርብራብ ነው፤ ሦስት ደረጃና አንዲት ጠባብ በር አለው። ከወለሉ ስር ፍየል ታስራለች። ንዲንዳ ደረጃው ላይ ቆማ ጆሮዋን ከግድግዳው አስጠጋች። ክርት፣ ክርት፣ ክርት ይላል። ቤቱ ራሱ የሚያኝክ ይመስላል።

«እማ፣ ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

«ጎተራሽ እያኘከ ነው።»

«ምስጥ ይሆናል» አለች ካሉንዴ፣ ነጠላ ጫማዋን እያየች።

ሲገቡ ወለሉ ላይ ዱቄት ተነጥፏል። በጆንያዎቹ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ተበትነዋል። መሀል ላይ በቀይ ክር የተሰፋው የሙሊ ጆንያ ቀበቶው እንደተፈታበት ሽማግሌ ተዝለፍልፎ ተቀምጧል። በቀዩ ስፌት ላይ ጥቋቁር ነቀዞች ሰልፍ ይዘው ይወርዳሉ፤ ወርደው ወደ ጎረቤት ጆንያ ይገባሉ።

«ከዚህ ነው የወጡት» አለች ንዲንዳ።

ካሉንዴ ወደ ላይ ቀና አለች። «ጣራው ያፈሳል።»

«ከየካቲት ወዲህ ዝናብ ጠብ አላለም እኮ እማ!»

«እርጥበት መንገድ አያጣም። ደሞ ሲዮካው ባለፈው ሳምንት በዚህ ስታልፍ ‹ጎተራሽ ሞልቷል አሉ› ብላኛለች። ዓይኗን ታውቂው የለ?»

«የሲዮካው ዓይን ጆንያ ይበሳል?»

«ድንጋይ ይበሳል።»

ንዲንዳ እጇን ወደ ቀዩ ክር ሰደደች። እናቷ በጥፊ መለሰቻት፤ ንዲንዳ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ናት።

«እጅሽን ሰብስቢ! በገዛ ጎተራዬ አማቼን ላዋርድ?»

«ታዲያ በቆሎሽ ይለቅ?»

«ይለቅ ማን አለ? አይፈታም ነው ያልኩት።»

«ስሚኝ እማ። እስከሚቀጥለው መኸር ስድስት ወር አለ። ይኼ ጆንያ እዚህ ከተቀመጠ የቀረውን ብታክሚው ውኃ በወንፊት ነው፤ ተመልሰው ይገቡበታል። መስከረም ሲያልቅ የሚተርፍሽ ነቀዝ የፈጨው ዱቄት ነው። ከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ከነሲዮካው ጋር ትሰለፊያለሽ።»

ይህን ማለት አልነበረባትም። ካሉንዴ ለእርዳታ በቆሎ ተሰልፋ አታውቅም። በዚያ በክፉው ዓመት፣ መንደሩ በሙሉ ቢጫውን በቆሎ ሲወስድ፣ እሷ የመጨረሻዋን ላም ሸጣ፣ ዘመዶቿ ዘንድ እየዞረች ሠርታ፣ የዱር ቅጠል ቀቅላ ሦስት ልጆቿን አሳድራለች። የስም ዝርዝሩን የምትይዘው ሲዮካው ናት። ሲዮካው ደብተሯን ይዛ በካሉንዴ በር ስታልፍ ሃያ ዓመት ሞላት፤ የካሉንዴን ስም ግን አንድም ቀን አልጻፈችም። ካሉንዴ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር ቢኖር ያ ስም ሳይጻፍ እንዲቀር ነው።

«መድኃኒቱን ያምጡ» አለች በመጨረሻ። «ይርጩ። ጆንያው ግን አይነካም።»

ያምጡ፣ ይርጩ የተባለው ሙሊ ነው። ካሉንዴ የሠላሳ ሦስት ዓመቱን አማቿን አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም፤ ስሙን አንስታ አታውቅም፤ ንዲንዳ ከተዳረች ወዲህ ባለፉት ስድስት ዓመታት ፊቱንም አላየችም። አማት ከአማች ጋር ፊት ለፊት አትገጥምማ። አንድ ጊዜ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍራ ከኋላ ወንበር ድምፁን ሰማች። ሻሿን እስከ አገጯ ጎትታ «ወራጅ አለ!» ብላ ቁጥቋጦ መሀል ወረደችና የቀረውን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በእግሯ ሄደች። ሙሊ ያን ዕለት ማታ ለንዲንዳ «አየሽ፣ እንዴት እንደሚያከብሩኝ!» ብሎ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ስለዚህ ንዲንዳ ደውላ ነገሩን አመቻቸች። ሙሊ አራት ሰዓት ላይ በሞተር ብስክሌቱ ይመጣል። ከቃጫው አጥር ሲደርስ ሦስት ጊዜ ጥሩንባ ይነፋል። ያን ጊዜ ካሉንዴ በጓሮ በኩል ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እሱ ሲጨርስ ትመለሳለች።

«ሦስት ጊዜ። እንዳትረሳ» አለችው።

«እሺ» አለ ሙሊ። ጥሩንባው ከፋሲካ ጀምሮ እንደማይሠራ አልነገራትም።

ቤንዚኑ ደግሞ ወንዙ ጋ አለቀበት። ሞተሩን እየገፋ፣ ድምፅ ሳያሰማ ደረሰ። ጥሩንባ ስለሌለው ከአጥሩ ሥር ቆሞ ሦስት ጊዜ አሳለ። ዕድሜ ልኩን ዱቄት መድኃኒት ሲያሸት የኖረ ሰው ነውና ሳሉን እንደ ምልክት የቆጠረለት አልነበረም። ንዲንዳ ወጥ ቤት ወንፊት እየፈለገች ነበር። ካሉንዴ ጎተራው ውስጥ ሆና፣ ማንም ሳያያት በቀዩ ስፌት ጆንያ ዙሪያ አመድ ትነሰንሳለች። ሙሊ መድኃኒቱን በካርቶን ተሸክሞ ደረጃው ሥር ደረሰ።

«ማነው?» አለች ካሉንዴ ከውስጥ። ሙሊ ደንግጦ አሳለ።

በሩ ከውስጥ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ንዲንዳ ወንፊቱን ይዛ ስትወጣ ባሏ ካርቶኑን ፊቱ ላይ ደግኖ፣ ወደ ባቄላው መደብ ዞሮ ደርቋል።

«የሙኤኒ እናት» አለ ሚስቱን በልጃቸው ስም ጠርቶ በሹክሹክታ፣ «እናታችን ውስጥ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልሄድክም?»

«እንዴት አድርጌ? ጀርባዬን ልሰጣቸው ነው? ፊቴንም መስጠት አልችልም።»

«በጎንህ ሂዳ!»

ሙሊ በጎኑ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ወዲያው ከውስጥ ድምፅ መጣ፤ ለእሱ ግን አይደለም። ካሉንዴ በወለሉ ርብራብ መሀል ቁልቁል ለፍየሏ ነው የምትናገረው። ይህች ፍየል ሙሊ ለጋብቻው ካመጣቸው ሦስት ፍየሎች በሕይወት የተረፈችው ናት።

«አንቺ ፍየል» አለች ካሉንዴ፣ «እንግዳው በእኔ ምክንያት ከግቢዬ እንዳይሄዱ። ምግብ ሳይቀምሱ ሄዱ ተብሎ ይወራብኛል። እንደምን አደሩ በያቸው።»

ሙሊ ለፍየሏ እጅ ነሳ። «ፍየሊት፣ እግዚአብሔር ይመስገን በያቸው። እርሳቸውስ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ነኝ በያቸው። እህሉም ደህና ነው። ትንሽ የጣራ ነገር ነው።»

«ልክ ናቸው። ዘንድሮ ጣራ ያላስቸገረው ቤት የለም በያቸው።»

ፍየሏ ታመነዥካለች።

«ጣራ!» አለች ንዲንዳ። «አንድ ሰው ስለ ነቀዝ ይናገር እንጂ! እማ፣ ውጪ። አንተ፣ ከቤቱ ጀርባ ዙር።»

«እናታችን ሳያሰናብቱኝ?»

«እሳቸው ቆመው እኔ ልውጣ?»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የተናገሩት። ነቀዙም ክርት ክርቱን አላቋረጠም።

ንዲንዳ ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ ባቄላው መደብ ጎተተችው። «እውነቱን ንገረኝ። የኛን የቤት በቆሎ ስታሽ እኔ ራሴ ወንፊት ይዤልሃለሁ፤ አንድ ነቀዝ የለበትም። ያ ጆንያስ? መድኃኒት አድርገህበታል?»

ሙሊ ካርቶኑን አንዴ በግራው አንዴ በቀኙ ያዘው። «የሙኤኒ እናት፣ አስቢው እንጂ። ጽሑፉ ላይ የራስ ቅል ተስሏል። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ሰው ምን ይላል? ሙሊ አማቱን መርዝ አበላ!»

«መንደሩን በሙሉ ታበላለህ አይደል?»

«መንደሩ አማቴ አይደለም።»

አንዱ ስለሚያከብር መድኃኒት አላደረገም፤ አንዷ ስለምታከብር አልፈታችም። በሁለቱ ጨዋነት መሀል ነቀዙ ስድስት ወር ተቀልቧል።

ይህን ጊዜ ነው ሲዮካው ከቃጫው አጥር በላይ አንገቷን ያወጣችው። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ እስክሪብቶዋን ሻሿ ውስጥ ሰክታለች።

«ደህና አደራችሁ ልጆቼ። ካሉንዴስ?»

«የለችም» አለች ንዲንዳ።

«ውይ። የእርዳታው በቆሎ ማክሰኞ ይመጣል ብዬ ነበር። ሰው እንግዲህ ብዙ ይላል፤ እኔ አላመንኩም። የካሉንዴ ጎተራ ሲያኝክ ከመንገድ ይሰማል ይላሉ።» አንገቷን አሰገገች። «ዋ! ለካ እውነት ነው። ምን አለበት ልጄ፣ ዘንድሮ ያልደረሰበት የለም። ስሟን ከታች፣ ሰው በማያየው ቦታ እጽፈዋለሁ። ሠላሳ አምስተኛ ላይ ክፍት አለኝ።»

እስክሪብቶዋን ከሻሿ መዘዘች።

ከጎተራው ውስጥ አንድ ነገር ጠሽ አለ። ቀጥሎ ጠሽ ጠሽ ጠሽ አለ። ክር ሲበጠስ ነው። ንዲንዳ እናቷ ስፌት ስትበጥስ የምታሰማውን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በጥርሷ ነው የምትበጥሰው። ሙሊም አወቀው። ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ አንድ ጆንያ ሙሉ የበቆሎ ገለባ፣ ዱቄትና ነቀዝ በወለሉ ርብራብ መሀል ፍየሏ ላይ ወረደ። ፍየሏ ከግንባሯ እስከ ጭራዋ ነጭ ሆነች። ሁለት ጊዜ አነጠሰች፤ ጆሮዋን አራገፈችና ተመልሳ ማመንዠኳን ቀጠለች።

«ፍየል» አለች ካሉንዴ። ድምፅዋ ጎርንኗል። «ዘጠኙ ጆንያ ጠርዙ ብቻ ነው የተነካው። ከቀሩት አራቱ ግማሽ በግማሽ ይተርፋል። ይህኛው ግን አንድ እፍኝ እንኳ የለውም። ለሚመለከታቸው ንገሪያቸው።»

ሙሊ ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ ፍየሏ ተጠጋ፤ ትንሽ አሰበና ተንበረከከላት።

«ፍየሊት» አለ፣ ሲዮካው እንኳ እንድትሰማ አድርጎ፣ «ጣራው ጤነኛ ነው በያቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። መድኃኒት አላደረግሁበትም። መርዝ ሰጠ እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

ከውስጥ ባዶ ጆንያ ሲራገፍ ተሰማ።

«እሳቸውም አንድ ነገር ይወቁ በያቸው» አለች ካሉንዴ። «ከሰኔ ጀምሮ ሲያኝክ እሰማ ነበር። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት።»

«እማ!» አለች ንዲንዳ።

«አንቺን ማን አናገረሽ? ከፍየሏ ጋር ነኝ።»

«ሬዲዮ! ሁለት ወር ሙሉ ሬዲዮ!»

«ባትሪም አስጨርሶኛል። ልወጣ ነው። ዓይናቸውን ይጠብቁ።»

ሙሊ ዞረና ግንባሩን ከምሰሶው ጋር አጋጠመ። በሩ ተከፈተ። ካሉንዴ የተበጠሰውን ጆንያ ገልብጣ ከራሷ እስከ ወገቧ አጥልቃዋለች፤ ከቀዩ ክር የተረፈው ጉንጉን ደረቷ ላይ ይንጠለጠላል። ደረጃዎቹን በእግሯ ጣት እየዳበሰች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ወረደችና ቆመች። ጆንያው ከላይ እስከ ታች በነቀዝ ተወጋግቷል። ከሁለት ቀዳዳዎች ጀርባ ንዲንዳ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር አየች።

«እሷ ናት?» አለች ሲዮካው። «ካሉንዴ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለ ጆንያው። «ካሉንዴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ስሜን እንዳትጽፊ ብላለች። ብትጽፊም በጥርሴ እበጥሰዋለሁ ብላለች።»

ሲዮካው ደብተሯን አየች፤ ከነጭ ዱቄት መሀል የሚያዩዋትን የፍየል ዓይኖች አየች፤ ቀጥሎ ጆንያውን አየች። እስክሪብቶዋን ወደ ሻሿ መለሰችና በቃጫው ሥር ሄደች። ሠላሳ አምስተኛው ባዶ እንደሆነ ቀረ።

«ፍየል» አለች ካሉንዴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእኒህ ሰውዬ ሚስት ምንድን ነው የምታበላቸው? አንገታቸው እንደ ማሽላ አገዳ ቀጥኗል።»

ንዲንዳ ወደ ጆንያው ዞረች። «ይታይሻል እንዴ?»

«ጆንያ ውስጥ ሆኖ ማን ያያል?»

«አንገቱን እንዴት አወቅሽ ታዲያ?»

«ሰው ነገረኝ። ቁመታቸውም ጥሩ ነው አሉኝ። ጆሯቸው ትንሽ ገፍቷል እንጂ።»

ግንባሩን ከምሰሶው እንዳጋጠመ የሙሊ ጆሮ ቀላ። ከንፈሩ ግን ሊስቅ ዳር ዳር ይል ነበር። «ፍየሊት» አለ ወደ እንጨቱ፣ «ለሚቀጥለው መኸር ጆንያውን በመድኃኒት አሽቼ አመጣለሁ በያቸው። ሲፈቱትም አልቀየምም። ዕለቱን ቢፈቱት ደስ ይለኛል።»

«ዕለቱን እፈታዋለሁ በያቸው። የፍሬውን ልብ ልቡን ነው የምፈትሸው። አሁን ይግቡ። ዝም ብሎ መርጨት የለም፤ መጀመሪያ ይነፋ። አሥራ ሦስቱም።»

ሙሊ ካርቶኑን አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጎኑ እንደ ሸርጣን ደረጃውን ወጣ። ካሉንዴ ጆንያ ውስጥ ሆና በትክክል አንድ እርምጃ ሸሽታ መንገድ ለቀቀችለት። ንዲንዳ ተከትላው ገባች። ውስጡ ይሞቃል፣ ይሸታል፤ ዱቄቱ ጉሮሮ ይይዛል። በጠባቧ በር በኩል በምትገባው ብርሃን ውስጥ ነቀዞቹ የጠፋባቸውን ጆንያ እየፈለጉ ወለሉ ላይ ይባክናሉ። ሙሊ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ወንፊቱስ?» አለ።

ወንፊቱ ባቄላው መደብ ላይ ቀርቶ ነበር። ንዲንዳ ልትወጣ ስትል ካሉንዴ ከነጆንያዋ በሩ ላይ ተገተረች። ወንፊቱ በአንድ እጇ፣ በሌላው ደግሞ አንድ ሳህን ትኩስ ንፍሮ ነበር።

«ይኼ ለእሳቸው ነው» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ቀምሰው ይጀምሩ። አንቺ ቁርስሽን በልተሻል።»

«አልበላሁም እኮ!»

«ትዕግሥት ይኑርሽ እንግዲህ።»

ሳህኑን መድኃኒቱ ከማይደርስበት ጥግ፣ ወንፊቱን ከሳህኑ አጠገብ አኖረች። ነቀዝ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ሲወጣ በአውራ ጣቷ ደፈጠጠችው። ከዚያ ጆንያዋን ከወገቧ በታች ጎተት አድርጋ አስተካከለች፣ ወጣች፣ በሩንም ከውጭ ዘጋችው።